«ድ» ወይስ «ዳ»

ከሮላ ገበያ፣ ካሮጌ ዕቃ ጓዳ፣
በሦስት መቶ ድርሃም፣ ግማሹ በዕዳ፣
የገዛሁት ላፕቶፕ ደኅና ነው ምስሉ፤
ድምፁ ነው ያልሆነው፣ ከሆዱ ነው ቁስሉ።
ስፒከሩ ከሥር፣ አፉ ወደ ታች ነው፤
ሲያወራም የሚያወራ ከብርድ ልብስ ጋር ነው።

ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ይሰጣል ሳይሳሳ፦
የቆርቆሮ ኳኳታ፣ የዶሮ ወቀሳ፣
የልጅ ሳቅ፣ የማንኪያ፣ የብርጭቆ ግጭት፤
ወፍራሙ ሲመጣ ያፍናል በድንገት።

አባቴ ወፍራም ነው፤ አካሉ አይደለም፣
ድምፁ፦ ከእግር ተነሥቶ ጆሮ ላይ የሚቆም።

ሙሄ ከሐርቡ መጥቶ ፍላሽ ሰጠኝ ባደራ፤
«አባትህ ነው» አለኝ፣ «ስለ ሰርጉ ሲያወራ።»
ከፈትኩት። ግቢያችን። ድንኳን ሊጣል ነው።
ሉባባ አለፈች፤ እጇ እንሶስላ ነው።
አባቴ ብቅ አለ፤ ኮፍያውን አስተካከለ፤
ካሜራውን እንደ ዳኛ አይቶ እንዲህ አለ፦

«ልጄ ሆይ፣ ለሰርጉ፣ እን — ትመጣ።»

እን ምን?
መለስኩት። ደገምኩት። እን — ትመጣ።
እንድትመጣ ነው ወይ፣ ወይስ እንዳትመጣ?
ባንድ ፊደል መሐል፣ በ«ድ» እና በ«ዳ»፣
ያንድ ዓመት ደሞዜ፣ ያንድ ዓመት ዕዳ።
«ድ» ከሆነ ትኬት፣ ፈቃድ፣ ሻንጣ፣ ስጦታ፤
«ዳ» ከሆነ ሐዋላ፣ ከዚያ በኋላ ዝምታ።

«ደውለህ ጠይቀው» ይለኛል ሽኩር።
ምን ብዬ? «አባዬ፣ ና ነው ያልከኝ፣ ቅር?»

ዓርብ ነው፤ ሥራ የለም፤ ስድስታችን ሆነን
ድምፁን ማከም ያዝን።

ሽኩር ካልጋ አነሣው፣ አኖረው በትሪ፤
ትሪው ተንጫረረ፤
አባቴን አረገው የታክሲ ጠሪ።
አንተንህ ከድስት ውስጥ ከተተው በጎኑ፤
ድምፁ ሰፋ እንጂ አልለይ አለ ምኑ።
ቢጁ የኬረላው፣ የመብራት ሠራተኛ፣
አማርኛ አያውቅም፤ ያውቃል የድምፅ በሽተኛ፤
ማስተካከያውን ከፍቶ፣ መስመሩን ደርድሮ፣
ወፍራሙን ሽቅብ ገፋ፣ ቀጭኑን አሳጥሮ።
ያቺ ሚጢጢ ስፒከር ልትፈነዳ ቃጣት።
በተሰባበረ ዓረብኛ፦
«ትንሽ ናት» አለኝ፣ «ካቅሟ በላይ አትጠይቃት።»

ከዚያ የተምር ካርቶን ከበረንዳ አመጣ፤
ባዶ፣ ደረቅ፣ ቀላል፤ ሁለት ቀዳዳ አወጣ፤
ላፕቶፑን ጫነበት፣ አፍ ላፍ አጋጥሞ፤
የግድግዳው ማዕዘን ከኋላ ሆነ ደግሞ።
ኤሲውን አጠፋን፤ በሐምሌ፣ በሻርጃ!
ይሰማ እንደሆነ፣ ባይሰማም እንጃ፣
ስድስት ሰው ላብ ለብሶ፣ እስትንፋስ ቆጥቦ፣
አንድ ካርቶን ከቦ።

አባቴ መጣ።
ከወለሉ ጀመረ፣ ተረከዜን ነካ፣
ጉልበቴን አልፎ ወጣ፤ እሱ ነው ለካ!
«ልጄ ሆይ፣ ለሰርጉ እንዳትመጣ።»

«ዳ»። እንደ አዲስ ምስማር ጥርት፣ ቀጥ ያለ።
ሽኩር ኤሲውን ሊከፍት ሄደ፤ ቢጁ ቃሉ ባይገባው ፊቴን አይቶ ዝም አለ።
ካርቶኑ ግን አላበቃም፤ ከ«ዳ»ው ቀጥሎ፣
እስከ ዛሬ ያልሰማሁት፣ በጣም ዝቅ ብሎ፣
ስፒከሩ ሲውጠው የኖረ አንድ ነገር አለ፤
ቃል አይደለም፤ ምራቅ ነው፣ ጉሮሮ ላይ የዋለ።
ሽማግሌ ሲውጠው እንዲህ ይሰማል ወይ?
ማንንም አልጠየቅኩ፣ እነሱም አላሉኝ፣ ሰማህ ወይ።

ሌሊት፣ ሁሉም ሲያንኮራፋ፣ ካርቶኑን አነሣሁ፤
ላፕቶፑን አፉን ደፍቼ ብርድ ልብሱ ላይ አስተኛሁ።
ከፈትኩት። ዶሮዋ፣ ሕፃኑ፣ ቆርቆሮው፤
አባቴም እንደ ድሮው፦

«ልጄ ሆይ፣ ለሰርጉ፣ እን — ትመጣ።»

«እሺ» አልኩት።